ጎመን የያዘው ተማሪ

ከመርካቶ ወደ ኮልፌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነን። አንዲት ባልቴት አጠገባቸው የተቀመጠውን፣ ጎመን የሞላ ዘንቢል ያቀፈ ወጣት አፍጥጠው ሲያዩት ቆዩና ጠየቁት።

«የኔ ልጅ፣ ዘንቢሉ የማን ነው?»

«የራሴ ነው፣ እማማ። ትምህርቴን ጨርሼ ከጀርመን አገር ከተመለስኩ ወዲህ ገበያ የምሄደው እኔ ነኝ።»

«እህት የለህም?»

«አለችኝ። እኔም እጅ አለኝ።»

«ጃንሆይ ባሕር አሻግረው የላኩህ ጎመን ልትሸከም ነው?»

«እዚያ አስተማሪዬን ድንች ተሸክሞ መንገድ ላይ አገኘሁት። አፍሬለት ፊቴን ባዞር፣ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝ።»

«እሱ ፈረንጅ ነው! እዚህ ማን ሚስት ይሰጥሃል?»

«የምወዳት ልጅ አባት ትናንት ሽማግሌዎቼን መልሰዋል። ‹ዘንቢል ተሸካሚ ልጄን አያገባም› አሉ።»

«ውይ በሞትኩት! እያወቅህ ዛሬም ያዝክ?»

«ዛሬማ በደጃቸው ነው የማልፈው።»

«በጓሮ ብትዞርስ ምናለበት?»

«ሰርቄ ነው እንዴ፣ እማማ? ሹፌር፣ እዚህ ጋ አውርደኝ!»

ልጁ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ሲወርድ፣ እኔ ከመርካቶ ጀምሮ ካፖርቴ ስር ደብቄው የመጣሁትን ሽንኩርት አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።