ሳይደማመጡ አብሮ መዘመር

ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ በዝምታ መቀመጥ ለእኔ አልተሰጠኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለፈለፍኩ ነው መሰለኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሁለት ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ክፍል የገባሁ ይመስለኛል። በዚያ ጠዋት የደም ግፊቴን ለመለካት ሄጄ ኮሪደሩ ጥግ ላይ የማውቃቸውን ሰው አየሁ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። የጸሎት ቤቱ የመዘምራን መሪም እሳቸው ስለሆኑና ድምፃቸው ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ትልቁ "ነጎድጓድ" ይላቸዋል። ያን ቀን ግን ነጎድጓድ የሚያሰኝ ነገር አልነበራቸውም። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ መጥተው፣ ጫፉን በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ። አጠገባቸው መድኃኒት ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች።

"ምነው፣ በሰላም ነው?" አልኩ።

"ሰላምስ የለም መምህር" አሉ በሻከረ ድምፅ። "ጉሮሮዬ ላይ የበቀለ ነገር አለ። ሰኞ በቀዶ ጥገና ሊያወጡት ነው። ድምፅዎ ይመለስ አይመለስ ግን ማረጋገጫ አንሰጥዎትም ብለውኛል።"

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ነው" አለች ልጅቱ። "መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን። የእኛ ጸሎት ቤት መዝሙር ያለ ምንም መሣሪያ፣ በአራት ድምፅ ተደራርቦ ነው የሚዘመረው። ሦስቱን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የታችኛውን፣ ሁሉም የሚቆምበትን ወፍራሙን ድምፅ ከነሙሉ መንገዱ የሚያውቁት ግን ጋሼ ብቻ ቀርተዋል። ሌሎቹ አረፉ። የተጻፈ ነገር የለም፤ ካፍ ወደ ጆሮ ነው የመጣው። እኔ ደግሞ በየከተማው ከተበተኑ ልጆች ጋር በስልክ የሚገናኝ መዘምራን አለኝ፤ በየቤታቸው የቀዱትን እኔ እገጥመዋለሁ። ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ የሚያስተምራቸው ያጡ ልጆች አሉ። ከሰኞ በፊት አንዴ ይዘምሩላቸው ብላቸው እምቢ አሉኝ።"

"ሞክሬ የለም ወይ!" አሉ ሽማግሌው። "ባለፈው ሳምንት ስልኳ ፊት አቁማኝ ጀመርኩ። መሪ ማለት ወደ ኋላ የቀረውን የሚጠብቅ ነው፤ እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ልጆቹ ዘገዩብኝ፤ ጠበቅኋቸው። ጭራሽ ዘገዩ። አሁንም ጠበቅኋቸው። መዝሙሩ እየተጎተተ፣ እየተጎተተ ሄዶ መሃል ላይ ቆመ። ይህን ያህል ዘመን ስመራ መዝሙር እጄ ላይ ሲሞት አይቼ አላውቅም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "በማግስቱ ደም ተፋሁ። መምህር፣ ይሄ ቁጣ ነው። የተቀደሰውን ነገር ስልክ ውስጥ ከተትኩት፤ የሰጠኝ መልሶ ሊወስደው ነው።"

ፍርሃት እንደ ጉንፋን ይጋባል። የሳይንስ መምህር ሆኜ ስኖር ስንቱን አጉል እምነት አፍርሻለሁ እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ፣ እሳቸው "ቁጣ" ሲሉ ጀርባዬን በረደኝ። ቢሆንም አስተማሪ ነኝና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ይስሙኝ ወንድሜ። ድምፅ በስልክ ሲጓዝ መንገድ ላይ ትንሽ ይቆያል። የእርስዎ ድምፅ ለልጆቹ ዘግይቶ ደረሰ፤ የእነሱም ለእርስዎ እንደዚያው። እርስዎ እነሱን ሲጠብቁ፣ እነሱ እርስዎን ሲጠብቁ፣ በር ላይ 'ይግቡ'፣ 'ኧረ እርስዎ ይቅደሙ' ሲባባሉ ሁለቱም ደጅ እንደሚቀሩ ጨዋ ሰዎች ሆናችሁ። መዝሙሩን የገደለው ትሕትና ነው።"

"ደሙስ?"

"ደሙማ ከሕመሙ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ነው እንጂ። ድምፅዎ ከሻከረ ወራት አልፏል። ሰፈሩ ሁሉ 'ነጎድጓድ ምን ነካቸው?' ሲል ከርሟል፤ እርስዎ ብቻ አልሰሙም። ሐኪሙስ ምን አለ?"

"የቆየ ነው ብሏል" አለች ልጅቱ ቶሎ ብላ። "ከስልኩ በፊት የነበረ ነው ጋሼ።"

ሽማግሌው ሜትራቸውን ጠቅልለው ጨረሱና እንደገና ፈቱት። አሁንም ግን እጃቸውን አልሰጡም።

"እሺ ይሁን። ግን አንዷ ሽንኩርት እየላጠች፣ አንዱ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚዘመር ምን የሚሉት አምልኮ ነው?"

"ጋሼ ራስዎ ሱሪ እየተኮሱ አይደል እንዴ የሚዘምሩት?"

ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ ብቅ ብሎ ጠፋ። "እሱስ ልክ ነሽ። ቢሆንም አብሮ መዘመር ማለት ትከሻ ለትከሻ ነው። እያንዳንዱ በየቤቱ ለብቻው ዘምሮ አንቺ የምትቀጣጥዪው ነገር እንዴት አንድ መዝሙር ይሆናል?"

"ኮት ሲሰፉስ እጅጌውን ለብቻ፣ ኮሌታውን ለብቻ ቆርጠው አይደል የሚገጥሙት?"

"ልኩን ካንድ ሰው ወስጄ ነዋ!"

"ታዲያ ልኩን ከእርስዎ እንውሰድ ነው የምልዎት!"

እንዲህ ዓይነት መልስ ክፍሌ ውስጥ ብሰማ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፉ።

"እውነቱን ልንገራችሁ። ፈርቻለሁ። ቢላዋውን አይደለም። ዲዳ ሆኜ ቤቴ ተቀምጬ፣ በመስኮት በኩል የጎረቤት ስልክ በእኔው ድምፅ ሲዘምር ብሰማስ? እኔ ሳልሞት ድምፄ ሙት መንፈስ ሆኖ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ልስማው?"

የመለሰችው ልጅቱ ናት። እጃቸውን ያዘችና "ድምፅዎን ከተማሪዎቹ በቀር ማንም አይሰማውም" አለች። "እነሱ ሲይዙት እኔው በእጄ አጠፋዋለሁ። በአባትዎ አምላክ፣ መንገዱን ብቻ ያሳዩዋቸው።"

"መሃል ላይ ቢቆረጥብኝስ?"

"ቢቆረጥ የተቆረጠውን ይማራሉ፤ ዝም ካሉ ግን ምንም አይማሩም" አልኩ እኔ፣ በራሴ ንግግር ደስ ብሎኝ። ይቺ ቃል ኋላ ምን እንደምታመጣ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ዘግተን ሦስታችን ገባን። ልጅቱ ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ፣ ከክር ሣጥኑ ጋር አስደግፋ አቆመችው። መስታወቱ ላይ ትንንሽ ፊቶች ተደረደሩ፦ ተርሚናል ያቆመው አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሾፌር፣ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ ጓዳ የተደበቀ ተማሪ፣ ሌሎችም። የሁሉም ማይክራፎን ተዘግቷል። እነሱ ይሰሙናል፤ አብረው ይዘምራሉ፤ ኋላ እንዲያጠኑትም የልጅቱ ስልክ የሽማግሌውን ድምፅ ይቀዳል። እኛ ግን ምንም አንሰማም።

"ማንንም እንዳይጠብቁ ጋሼ" አለች። "ቢዘገዩም ባይዘገዩም ይሂዱ።"

ልብ በሉ፤ እኚህ ሰው ዘመናቸውን ሁሉ ድምፃቸው በድምፅ ተከቦ የዘመሩ ናቸው። አሁን ምንም መልስ በማይመጣበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሊጀምሩ ነው። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ሲወርድ አየሁ። ጀመሩ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የሰው አልመሰለኝም፤ ከመሬቱ የመጣ ነበር፤ የመቀስ መስቀያው ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ መዝሙሩ ረጅሙ፣ ሳይተነፍሱ የሚያልፉት ስንኝ ላይ ሲደርስ ጉሮሯቸው ያዛቸው። ድምፁ ተቆረጠ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ በአፋቸው አየር ሲስቡ ሕመሙ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። አበቃ አልኩ በልቤ።

ስልኩ ላይ ግን የሁሉም አፍ ይንቀሳቀስ ነበር። ሾፌሩ መሪውን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይዘምራል። አንዱም አላቆመም። ሽማግሌው ያንን አዩና የያዙትን ትንፋሽ መልሰው ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻውም ደረሱ። ከዚያ ወንበር ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ፣ ሕይወታቸው ተረፈ፣ ድምፃቸው ግን ሳይመለስ ቀረ። የቀረላቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ለሳምንታት ስልክ ሲጮህ እንኳ ደንግጠው ክፍል ይለቁ ነበር። በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ መጥታ "የእርስዎ ድምፅ የለበትም፤ እንዳልኩት አጥፍቼዋለሁ። ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው" ብላ ምላ ተገዝታ የገጠመችውን መዝሙር አሰማቻቸው። እኔም ነበርኩ። ሦስቱ ድምፅ ከላይ፣ ከታች ደግሞ የሾፌሩና የጓደኞቹ ወፍራም ድምፅ፣ አንድ ቤት ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ገጥሞ መጣ። ሽማግሌው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። ረጅሙ ስንኝ ላይ ሲደርስ ወፍራሞቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በኃይል ተነፈሱና ቀጠሉ።

እጃቸው ተወረወረ። "አቁሚው!" አሉ በሹክሹክታ። "እዚያ ጋ ትንፋሽ የለም! ምን ነክቷቸው ነው?"

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። "ቅጂው ላይ እርስዎ ስለተነፈሱ ነው ጋሼ።"

"እሱ እኮ ሕመሜ ነው! መዝሙሩ አይደለም!"

ሕመማቸውን ሥርዓት ነው ብለው አጥንተውታል! የተቆረጠውን ይማራሉ ያልኩት እኔ፣ ጣራ ጣራ አየሁ። ሽማግሌው ግን ሳይውል ሳያድር ስልኩ ፊት ተቀመጡ። "ጥሪያቸው" አሉ። "ካልታረሙ ለልጅ ልጆቻቸው የእኔን ጉሮሮ ሊያወርሱ ነው።" ያን ቀን የሽማግሌው ጥርጣሬ አበቃለት፤ አስተማሪነታቸው ተወለደ።

እንግዲህ ምክሬን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ያመኛል። ባንድ ሰው ጉሮሮ ተንጠልጥሎ የነበረው መዝሙር ዛሬ በብዙ ሰው ደረት ውስጥ አድሯል። ፈረቃው የማይመቸው ጥበቃ በሚመቸው ሰዓት ይማራል። ዓይን አፋሩ ተማሪ ስሕተቱን ብቻውን ሰምቶ ብቻውን ያርማል። ትከሻ ለትከሻ መቆምን የሚተካ ነገር የለም፤ ልጆቹም ሲመቻቸው ከየከተማው መጥተው ይቆማሉ። ግን መማር ያለበትን ነገር "በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም" ብሎ ለነገ የሚያሳድር ሰው ሞት እንደ እሱ እንደማያሳድር ይወቅ። ደግሞም የቀዳነውን የሚያርም ሽማግሌ በሕይወት እያለ እንጠይቀው፤ ስልክ ሕመምን ከዜማ አይለይም።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ሄጄ ነበር። ስልኩ ላይ ሾፌሩ ብቻ ማይክራፎኑን ከፍቶ ይዘምራል፤ ሽማግሌው በእጃቸው ይመራሉ። ረጅሙ ስንኝ ሲመጣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እንዳይቆም፣ እንዳይቆም ያሳዩታል። የራሳቸውንም ትንፋሽ ይዘዋል። ደም ሥራቸው ተገታትሮ ፊታቸው ሲጠቁር ደንግጬ ተነሣሁ። ሾፌሩ ሳይተነፍስ ስንኙን አለፈው፤ እሳቸውም በቀስታ ተነፈሱ።