መሬት ንካ

የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ለሦስተኛ ጊዜ «ነገ» ስለተባለ፣ ያን ቀን ሳልይዘው ላልመለስ ምዬ አናጢው ቤት ሄድኩ። የቤቱን ጌታ ሁሉም ሰው ጋሽ ቱምቢ ይላቸዋል፤ እሳቸው ያቆሙት በር እንደ ቱምቢ ክር ቀጥ ይላል እንጂ ተዛንፎ አያውቅማ። መደርደሪያዬ ተጠናቆ ቆሟል። የሚጭነው ግን የለም፤ ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራው ባለመጋዝ ወገቡን ይዞ ግድግዳ ተደግፏል።

«መሬት ንካ!» አሉት ጋሽ ቱምቢ።

የቤቱ ሕግ ነው። ወገቤን ያለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ በጣቱ መሬት ይነካል፤ የነካ ወደ ሥራው፣ ያልነካ ወደ ቤቱ። ባለመጋዙ ጥርሱን ነክሶ ነካ። እኔም ሰዓቴን እያየሁ «ነካ እኮ!» አልኩ። የተማርኩ ነኝ ባይ ሆኜ እንዲያ ማለቴን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ባለመጋዙ ሲጎነበስ የጋሽ ቱምቢ የእህት ልጅ የተሰበረ ወንበር ይዛ እየገባች ነበርና አየችው። ፊዚዮቴራፒ ተምራ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝና፣ ይህ ሰው ዕቃ ማንሳት የለበትም» አለች።

«ዓይንሽ እያየ ነካ! አከርካሪው የተበላሸ ሰው አይጎነበስም። ስንቱን አይቼበታለሁ።»

«የነካ ሁሉ ጤነኛ፣ ያልነካ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። እኛም ሰውየውን አስተኝተን እግሩን ቀጥ አድርገን እናነሳለን። ይህ ምርመራ በአከርካሪ አጥንቶቹ መሀል ያለው ዲስክ ነርቩን የተጫነውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያሳውቀናል፤ ግን ምንም የሌለበትንም አብሮ በሽተኛ ያደርገዋል። ደህናው እግር ሲነሳ የታመመው እግር ካመመው ጥርጣሬያችን ይጠነክራል፤ ካላመመው ግን ነፃ ነህ አንለውም።»

ጋሽ ቱምቢ ሳቁ። «እንግዲያማ የእናንተም ምርመራ ይዋሻል! በምን ትበልጡኛላችሁ?»

«መዋሸቱን በማወቃችን፣ ጋሼ።»

እኔ ከበሩ ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ በሩ እመላለሳለሁ። ክርክሩ ቶሎ እንዲያልቅ እንጂ ማን እንደሚረታ ግድ አልነበረኝም።

«እንጨት ሲገዙ አንዴ አንኳኩተው ይወስዳሉ?» አለቻቸው።

«አብጃለሁ? ክብደቱን አያለሁ፣ ስንጥቁን አያለሁ፣ መቼ እንደተቆረጠ ሻጩን አፋጥጠዋለሁ!»

«ታዲያ ሰውን ለምን በአንድ ነገር ብቻ?»

«ሰው አፍ አለው። ካመመው ይናገራል።»

«እስቲ እንጠይቀው» ብላ ባለመጋዙን ከጣውላ ክምሩ ጀርባ ወሰደችው። በተረከዙ አስኬደችው፤ ግራ እግሩ አልታዘዝ አለው። ቀስ ብላ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀችው። እሱም ራሱ ወጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ከትናንት ጀምሮ መቀመጫዬ ደንዝዟል። ሽንቴም እንቢ ብሎኛል» አለ።

«ይህ ለነገ አይባልም» አለች ልጅቷ። «ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮቹ ተጨንቀዋል ማለት ነው፤ ካደረ ሽባ ሊያደርገው ይችላል።»

ጋሽ ቱምቢ የመኪናቸውን ቁልፍ ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበርና አንስቼ ሰጠኋቸው። መደርደሪያውን ረስቼ አብሬ ሄድኩ።

ሐኪሙ በአንድ ምርመራ አልቆመም። እግሩን አነሳ፣ የደነዘዘውን ቦታ በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ፣ ጠየቀ፣ በመጨረሻም በኤምአርአይ አይቶ ያንኑ ዕለት ቀዶ ጥገና አደረገለት።

በማግስቱ ጋሽ ቱምቢ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ተቆጡት። «አንተ ሰው፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ለምን አልነገርከኝም?»

«ጋሼ፣ መሬት ከነካሁ በኋላ ማን ያምነኛል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ።

አሁን በዚያ ቤት ወገቤን ያለ ሰው ለብቻው ይጠየቃል። ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል ወይ? የደነዘዘ ቦታ አለ? ሽንትስ? ከዚያ ወደ ባለሙያ ይላካል። የባሰበት ሳይዘገይ ይታከማል፤ ጡንቻው ብቻ የተሸማቀቀ ጥቂት ቀን ቀለል ያለ ሥራ ሠርቶ ይድናል፤ ሰነፍ ተብሎ የሚሰደብም የለም። አሠሪ የሆናችሁ ሁሉ ይህን ብታደርጉ፣ ትርፉ ለእናንተም ነው እላለሁ።

ባለመጋዙ ወደ ሥራው ተመልሷል። ግራ እግሩን ግን እስካሁን ይጎትታል። ያ እግር ወለሉን ሲፍቅ በሰሙ ቁጥር ጋሽ ቱምቢ መላጊያቸውን መግፋት ያቆማሉ።