ጉም ውስጥ የበራው ሦስት ማዕዘን

ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሹፌር የእህታቸውን ልጅ ያገኟት ድንገት ነው፤ እሳቸው ጎማ ሊያስነፉ ጎሚስታ ቤት ቆመው፣ እሷ አንድ ከባድ ቦርሳ ታቅፋ በዚያ ስታልፍ። ልጅቱ የሐኪም ቤት ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት። መኪናዋን ጋራዥ አስገብታ፣ ከተራራው ማዶ ወደምትኖረው እናቷ የሚወስዳት ስትፈልግ ነበር።

«ነይ ግቢ፤ እኔም ወደዚያው ነኝ» አሏት። ቦርሳውን ከኋላ ሲጭኑ ክብደቱ ገረማቸው። «ምነው ልጄ፣ ቤት ልትለቂ ነው?»

«የመኪናዬ የድንገተኛ ጊዜ ቦርሳ ነው አጎቴ። ጋራዥ ውስጥ እንዳይጠፋብኝ ይዤው ወጣሁ። የእርስዎስ የታል?»

ከት ብለው ሳቁ። «የእኔማ እዚህ ነው» አሉ ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መኪና ቢቆምብኝ ቅጠል ቆርጬ መንገዱ ላይ ጣል አደርጋለሁ፤ አለቀ። ደግሞ ክፉ እያሰቡ መሰናዳት ክፉን መጥራት ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣ ዝናብ የሚመጣው ጃንጥላ ስለያዝን ነው?»

«እሱስ አይደለም። ግን ጠባቂው እግዜር ነው።»

«ነው እንጂ! ታዲያ ሲመሽ በርዎን ለምን ይቆልፋሉ?»

«አፈኛ!» ብለው ሞተሩን አስነሱ። ነገሩ ግን ከነከናቸው። ብዙዎቻችን እንደሳቸው ልምድን ከዕቃ እንቆጥረዋለን። ልምድ ብቻውን ቁስል አያስርም።

የተራራውን አናት አልፈው ቁልቁለቱን እንደጀመሩ ጉም ወረደ። መንገዱም ሰማዩም የመኪናው አፍንጫም ነጭ ሆነ። አንድ ጠምዛዛ እንዳለፉ ከላይ የተንከባለለ ቋጥኝ ፊታቸው ድቅን አለ። መሪውን ቢያዞሩም አልዳኑም፤ ጎማው ፈነዳ፣ መኪናው መንገዱን በአግድም ዘግቶ ቆመ፣ የጎን መስታወቱም ተሰባብሮ ክንዳቸውን ቀደደው።

ልጅቱ አልጮኸችም። ደግፋ አወጣቻቸውና ከመንገዱ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ ከቦርሳው ፋሻ አውጥታ ቁስሉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ ብርድ ልብስ ደረበችላቸው። ከዚያ አንጸባራቂ ሰደሪያዋን ለብሳ፣ ታጣፊውን ቀይ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘንና የእጅ ባትሪዋን ይዛ፣ ወደመጡበት ጠምዛዛ እየሮጠች ጉሙ ዋጣት።

ወዲያው ከላይ የሞተር ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ጆሯቸው አልሳተም፦ የተጫነ ከባድ መኪና ነው፣ ቁልቁለት ይዟል። እንዲህ ያለው ሹፌሩ ስለፈለገ ብቻ እንደማይቆም ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። «ልጄን!» ብለው ጮኹ። ፍሬኑ ሲያቃስት፣ ጎማው ሲጢጥ ሲል ሰሙ። ከዚያ ጸጥ አለ።

እየተንገዳገዱ ወደ ጠምዛዛው ወጡ። ልጅቱ ከመንገዱ ዳር ቆማለች። የጭነት መኪናው እንደ ቤት ገዝፎ፣ ሦስት ማዕዘኑ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቆሟል።

«እሳት መስሎኝ ነው ፍሬን የያዝኩት» አለ የጭነት መኪናው ሹፌር ከጋቢናው ወርዶ። «ሌላ ምንም አልታየኝም አባቴ። ምንም!»

ሽማግሌው የልጅቱን የእጅ ባትሪ ተቀብለው ሦስት ማዕዘኑ ላይ አበሩ። ከነጩ ባዶ መሃል ቀይ ፍም ቦግ አለ። ጠጋ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«እንደ ወረቀት የቀለለች» አሉ በሹክሹክታ፣ «ያን ሁሉ ብረት አስቆመች?»

«ቅጠል አያበራም አጎቴ።»

«አያበራም ልጄ። አያበራም።»

ጉሙ ቀስ በቀስ ሲገለጥ መኪናቸው የቆመበትን አዩ። ከኋላ ጎማው አንድ ክንድ አልፎ መሬት የለም፤ ገደሉ ወርዶ ወርዶ፣ ታች ያለው ወንዝ ክር ያህላል። የጭነት መኪናው ሹፌር ባርኔጣውን አወለቀ።

በማግስቱ አጎትና የእህት ልጅ ከመለዋወጫ ሱቅ ቆሙ። ሽማግሌው የልጅቱን ቦርሳ ከፍተው፣ በታሰረ ክንዳቸው እያመለከቱ ለባለሱቁ ያስረዱት ጀመር፦

«ፋሻው ሐኪም እስኪገኝ ደም ይይዛል። ውሃውና ብርድ ልብሱ መንገድ ሲዘጋ ነፍስ ያቆያሉ። ገመዱ ይጎትታል፣ የእሳት ማጥፊያው ሞተር ሲነድ ይደርሳል። ባትሪ ድንጋይ ግን እየታየ ይቀየራል፤ መድኃኒቱም ጊዜው እንዳያልፍ! ሦስት ማዕዘኗ ደግሞ የማታውቀውን ሰውም ከነፍስ ዕዳ ታድናለች። ክፉ አትጠራም ልጄ፤ የመጣውን ትመልሳለች እንጂ።»

ልጅቱ ፈገግ አለች።

«ስንት ሦስት ማዕዘን ልስጥዎ?» አለ ባለሱቁ።

«ሁለት። አንዷ የእኔ ናት» አሉ፤ «አንዷ የዚያ ሹፌር። ትናንት ስጠይቀው፣ እሱም እንደኔ ቅጠል ቆራጭ ነበር።»