ዛሬ አንተ ግፋ

(ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ጠዋት። በለጥሻቸው ለእህቷ ልጅ ሠርግ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አሮጌው ቮልስ ውስጥ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ ባሏ ወንድአፍራሽ አዲስ ኮቱን ለብሶ የመኪናውን በር ይዞ ቆሟል።)

በለጥሻቸው፦ አልወርድም አልኩህ እኮ! አሥራ አንድ ዓመት ገፋሁ። እርጉዝ ሆኜ ገፋሁ፣ ሐዘን ላይ ሆኜ ገፋሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ ባወጡልኝ ስም ሰፈሩ ሁሉ «ሞተሪኖዋ» ነው የሚለኝ።

ወንድአፍራሽ፦ ሲወዱሽ ነዋ! ሞተሪኖ ማለት እኮ መኪናውን የሚያስነሳው ዕቃ ነው። ስድብ መሰለሽ?

በለጥሻቸው፦ ጥሩ፤ ዛሬ ደግሞ አንተን ይውደዱህ።

ወንድአፍራሽ፦ በለጡ፣ ሙሽሪት ልትወጣ ነው። ውረጂና እንደ ሁልጊዜው ትንሽ ብቻ...

በለጥሻቸው፦ «ትንሽ ብቻ» ስትለኝ ነው ወፍጮ ቤት ድረስ የምገፋው። ባለፈው ሠርግ ላብ በላብ ሆኜ ስገባ አስተናጋጅ መስያቸው የሰሃን ቁልል አሸከሙኝ። እኔም አፍሬ አደልኩላቸው!

ወንድአፍራሽ፦ ጥፋቱ የኔ ነው? ሞተሪኖ አስቀየርኩ፣ ባትሪ ሁለት ጊዜ ገዛሁ። መካኒኩ ራሱ «የአገሩ ብርድ ነው» ብሏል።

በለጥሻቸው፦ ሚያዝያ ላይስ አላስገፋኸኝም? ለመሆኑ ባትሪውን አንድ ቀን አይተኸው ታውቃለህ?

ወንድአፍራሽ፦ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው። ወንበር የሚያነሳው መካኒክ ነው እንጂ እኔ ነኝ?

በለጥሻቸው፦ ተወው። ግፋ።

ወንድአፍራሽ፦ አንቺ ደግሞ መሪ መያዝ ታውቂያለሽ?

በለጥሻቸው፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማጅራትህን ሳይ ኖሬ? ሁለተኛ ማርሽ ታስገባለህ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ ትይዛለህ፣ ሲንደረደር ትለቃለህ። አለቀ። ይልቅ ኮትህን ሰብሰብ አድርግ።

ወንድአፍራሽ፦ እሺ እንግዲህ... አንድ፣ ሁለት... ኧረ ይከብዳል! ፍሬን ረግጠሻል እንዴ?

በለጥሻቸው፦ አልረገጥኩም። መክበዱ ዛሬ ተሰማህ?

ወንድአፍራሽ፦ ልቀቂው ፍሪሲዮኑን!

በለጥሻቸው፦ መቼ ተንደረደረና! ጎንበስ በል። በእጅህ አይደለም፣ በትከሻህ። ለኔ እንደዚያ አልነበር የምትለኝ?

ወንድአፍራሽ፦ ኮቴ! ብብቱ ላይ ተተረተረ!

በለጥሻቸው፦ እጅህን ካላነሳህ አይታይም።

ወንድአፍራሽ፦ ወይኔ፣ እትዬ ዘርፌ በራቸው ላይ ወጡ! በናትሽ ቶሎ አስነሺው!

በለጥሻቸው፦ እንደምን አደሩ እትዬ ዘርፌ! አዎ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው! አዎ፣ እሱ ነው የሚገፋው! ብርቱ ነው፣ ጠዋት በደንብ በልቷል!

ወንድአፍራሽ፦ ሰማሻቸው? «ሞተሪኖው ተቀየረ» እያሉ ጎረቤት ይጠራሉ። በቃኝ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት እርምጃ አልገፋም... ኧ? ተነሳ! ተነሳ እኮ! ቆይ ግን፣ እኔ አሁን መቼ ገፋሁት?

በለጥሻቸው፦ በቁልፍ ነው ያስነሳሁት።

ወንድአፍራሽ፦ በቁልፍ? ይሄ መኪና?

በለጥሻቸው፦ ትናንት አንተ ዕድር ስትሄድ የጠፋብኝን የጆሮ ጌጥ ፍለጋ የኋላውን ወንበር ባነሳው፣ ባትሪው ላይ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነጭ ዱቄት ለብሶ ተቀምጧል። መካኒክህ ባትሪ በቀየረ ቁጥር ያንኑ ቆሻሻ ገመድ መልሶ ሲያስር ነው የኖረው። የመኪናውን መብራት አብርቼ ገመዱን ነቅነቅ ሳደርገው ቦግ እልም፣ ቦግ እልም ይላል። ፈታሁት፤ ሙቅ ውሃ በነከርኩት ጨርቅ ጠራረግሁ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ በፒንሳ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ቁልፉን አንዴ ባዞረው ተነሳ።

ወንድአፍራሽ፦ ትናንት ተነስቷል? ታዲያ ዛሬ ለምን አስገፋሽኝ?

በለጥሻቸው፦ ትናንት እትዬ ዘርፌ ቤታቸው አልነበሩማ!