አረንጓዴው ጭረት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም። አንደኛው አሮጌ ዲኤክስ መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ጎልማሳ ነው፤ ሌላው የተጋጨ መኪና እያቃኑ ቀለም የሚቀቡ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ የቀኝ በሯ ገብቷል። ሳልሸጣት ላሠራው ወይስ እንዲሁ ልስጣት?»

«እንዲሁ ስጣት። አሮጌ መኪና ላይ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ‹ምን ደብቀህ ነው?› ይልሃል።»

«እንዲሁ ከሰጠኋት ደግሞ ‹ምን ነካት?› ይሉኛል።»

«ግንብ ነካት በላ።»

«ጭረቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለበት።»

«ቢኖርበትስ?»

«በሰፈራችን ከገበያው በላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የአጥሩ በር አረንጓዴ ነው።»

«አንተ ነህ የገጨኸው?»

«ስዞር ነው። የበሩ ምሰሶ ዘመመ። ሰው ሁሉ እስካሁን የጭነት መኪና ገጨው ነው የሚለው።»

«ታዲያ ገዢውን ምን አገባው?»

«ገዢው የዚያው ደብር ቄስ ናቸው።»

«እንግዲያው አሠራው። ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ እኔው እሠራልሃለሁ።»

«የንስሐ አባቴም ናቸው፣ ጋሼ።»



«የምትናዘዘው ከመሸጥህ በፊት ነው በኋላ?»

«እሱን እኮ ነው የቸገረኝ።»

ያን ምሰሶ ለማቃናት ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ የተሸከምኩት እኔ፣ ከኋላቸው ሆኜ ትከሻዬን አሸት አሸት አደረግሁ።