የዋናተኛው ሰዓት

በእኛ ጊዜ የስዊስ ሰዓት ያሰረ ሰው እጁን ሳይዘረጋ ሰላም አይልም ነበር፤ እጅጌው ከፍ እንዲልለት እኮ ነው! እና እኔ ያኔ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። አዲስ ነኝ። ፈረንጁ "በስድስት ሰዓት ቀስቅሰኝ" ይለኛል፣ እኔ በእኛ ስድስት፣ በእኩለ ቀን ሄጄ አንኳኳለሁ። አቤት ስድቡ! ታዲያ አንዱ ደግ ፈረንጅ አገሩ ሊገባ ሲል ይቺን ሰዓት ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። ይኸው፣ ተመልከቷት። በመስታወቷ ዙሪያ የምትዞር ቀለበት አለች አይደል? ቀለበቷ ላይ ደግሞ ምልክት አለ። እኔ ምልክቷን ስድስት ቁጥር ላይ አዞርኳት። ታዲያ ቁጥሩን ሳነብ የፈረንጅ፣ ከምልክቷ ጀምሬ ስቆጥር የእኛ! "ስዊሶች ምን ያሉ ጨዋዎች ናቸው፣ ለእኛ ብለው ቀለበት ሠሩ" አልኩ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው እንደዛ ነው። ቶሮንቶም እንደዛው ይዣት መጣሁ።

ታዲያ ባለፈው የበረዶ ጊዜ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ለልጅ ልጄ ለማህሌት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። በአስራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ። አባቷ የለም፤ "እሺ" የምል እኔ ነኝ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ "አባባ፣ ፕሊስ፣ እንዳይተኙብኝ" ትለኛለች።

በምሳ ሰዓት ልጁ፣ የሚያገባት ናቲ፣ ዕቃ ተሸክሞላት ቶርንክሊፍ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣ። እዚሁ የተወለደ ነው፣ አሮጌ ሰዓትም ይሰበስባል። የእኔን ሲያይ ብድግ አለ።

"ኦ ማይ ጋድ! አባባ፣ ይሄ ቪንቴጅ ነው! ላየው?"

ፈትቼ ሰጠሁት። እና ጀመረላችሁ! ድሮ የእጅ ሰዓት የሴት ጌጥ ነበር፣ ወንዱ በኪሱ ነበር የሚይዘው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወንዱም አሰረ፤ ከዛ አራት ማዕዘኑ መጣ፣ ከዛ እንደ ሳንቲም የሳሳው፣ ከዛ ሦስት ትንንሽ ሰዓት በሆዱ የያዘው…

"ይሄ ደግሞ ዳይቨር ነው፤ ለዋናተኛ። ውሃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በቀለበቱ ያያል፣ ኤር እንዳያልቅበት።"

"ስዊስ አገር ባሕር አለ እንዴ?"

"ኖ።"

ግራ ገባኝ። ባሕር የሌለው አገር ለዋናተኛ ሰዓት ይሠራል? ልጁ በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝ፣ አሰርኳት። ማህሌትና እሱ ዳቦ ሊያመጡ ወጡ፣ እኔም ምሳው ከበደኝና ሱፌን እንደለበስኩ ጋደም አልኩ።

ስነሳ ድቅድቅ ጨለማ! በጨለማው ከምታበራው ምልክቷ ስቆጥር አምስት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት! ቤቱ ጭር ብሏል። ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ አንኳኩተው፣ ተመልሰዋል! ልጅቷም ተቀይማኝ ወጥታለች! ኮል አደረግሁላት፣ አታነሳም። አለቀስኩ፣ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ። ሱፌን አውልቄ፣ ቢጃማዬን ለብሼ፣ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ።

ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሦስት ሽማግሌዎች፣ በረዶ ትከሻቸው ላይ፣ ከኋላ ማህሌት፣ በረዶው አዘግይቷት፣ ዳቦ ታቅፋ።

"ተመልሳችሁ መጣችሁ?" አልኳቸው።

"ከየት ነው የምንመለሰው? ገና መምጣታችን ነው" አሉ ትልቁ።

"አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

ትልቁ "አስራ ሁለት" አሉ። ትንሹ ስልኩን አየና "ስድስት" አለ። ኧረ በሕግ! ሦስት ሽማግሌ፣ ሁለት ዓይነት ሰዓት!

ማህሌት እጄን ያዝ አድርጋ ሰዓቷን አየችና ጮኸች። "አባባ፣ ናቲ እኮ ፊክስ አድርጎልዎታል! ቀለበቱ ተሳስቷል ብሎ ምልክቱን አስራ ሁለት ላይ መለሰው!" ለካ ያየሁት አምስት የፈረንጅ አምስት፣ የእኛ አስራ አንድ ኖሯል፤ እዚህ በበረዶ ጊዜ እኮ ገና በአስራ አንድ ይጨልማል!

እንግዲህ በወጉ ሽማግሌ ይናገራል፣ እኛም "መክረን እንጥራችሁ" እንላለን። እኔ ግን አንዴ አመለጠኝ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ደግሞ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። በቢጃማዬ በሩ ላይ ቆሜ፦

"ሰጥቻለሁ!" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ አዩኝ አዩኝና "ጋሼ፣ ገና እኮ አልጠየቅንም!"

ሳቁ፣ ሳቁ! ማህሌትም ያን ቀን እንዲሁ ስትስቅ ስታለቅስ ነበር።

ምን አልክ አንተ? ቀለበቷ አሁን የት ናት? ስድስት ላይ ናታ! ናቲ ራሱ ነው ይቅርታ ጠይቆ ያዞረልኝ፤ የራሱንም ሰዓት እንደዛው አድርጎ ነው የሚያስረው። ዋናተኛው እንደሆነ የራሱ ጉዳይ!