ከሱቋ ያስወጡኝ አከራዬ

ናቲ፣ ስማኝማ፣ ንዴቴ ገና አልበረደም! ሚኒባስ ገጭቶኝ እጄ ከተሰበረ ጀምሮ ፀጉር ሳልቆርጥ ቁጭ ብያለሁ አይደል? ዛሬ ለቀረብኝ ገቢ ካሳ ልጠይቅ መሃል ከተማ የሚኒባሱ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩልህ። ፋይሌን የያዘው ሰውዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወንድሜ፣ ፀጉር ቤትህ ከስሮ ተዘግቷል። የከሰረ ሰው ምን ገቢ ይቀርበታል?» ጠረጴዛውን በደህናው እጄ ደበደብኩት!

በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እትዬ አስቴር! ኪራይ አልከፈልክም ብለው ከሱቋ ያስወጡኝ አከራዬ። ካሳዬን ለውዝፉ ሊወስዱብኝ የመጡ መስሎኝ «ደግሞ እርስዎ ምን ቀረዎት?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ዝም በል፣ ግንፍልተኛ! እናትህ ነግራኝ ነው የመጣሁት» አሉኝና ወደ ሰውዬው ዞሩ። «ይሄ ልጅ እጁ እስኪሰበር ድረስ ኪራይ አንድ ቀን አሳልፎብኝ አያውቅም። ከተሰበረ በኋላ ነው የከሰረው። ፈርሜ እመሰክራለሁ።»

ሰውዬው ፋይሉን እንደገና ከፈተና መጻፍ ጀመረ። ስንወጣ ስለ ውዝፉ ጠየቅኳቸው። «ካሳው የእጅህ ነው። የኔን ውዝፍ ሥራ ስትጀምር ትከፍለኛለህ» አሉኝ። ናቲ፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት፣ እኔ! እሳቸውን እየሰደብኩ የላክሁልህን ቮይሶች በሙሉ አሁኑኑ አጥፋልኝ።